ለብርሃን መሞከሪያ የተነሳው ፎቶ

ናዝሬት፣ ሐምሌ 8 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰሚራ፣
ሐረር፣ ኤረር በር

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ? ወንድምሽ ዓብዱላሂስ ደህና ነው? እኔ ከእህቴ ከአልማዝ ጋር አለሁ፤ መኖር ከተባለ። ደጋግመሽ እንደደወልሽ አልማዝ ነግራኛለች። አትቀየሚኝ፤ በስልክ ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻልኩም። ብዕር ስይዝ ግን እጄ እንደ ድሮው ይታዘዘኛል፤ ስለዚህ በደብዳቤ እንነጋገር።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ስድስት ዓመት ካሜራ አንገትሽ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከልጄ ጋር ስትበይ ስትጠጪ ኖረሽ፣ እንዴት አንድ ፎቶ አላነሳሽልኝም?» ብዬ ጮኼብሻለሁ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ዝም አልሽ። ያ ዝምታሽ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል። ሐረር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ፎቶ ቤት ከፍቼ ስኖር ያላነሳሁት ሙሽራ፣ ያላነሳሁት አስተማሪና ወታደር የለም። የገዛ ልጄ ብሌን ግን ከዐሥራ ሰባት ዓመቷ ወዲህ ፎቶ የላትም። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልጻፈው፣ መጻፉ ያቀልልኝ እንደሆነ። እናቷ የሺ የተቀበረች ዕለት ካሜራ ይዤ ቆሜ ነበር። የሰው ቀብር ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚስቴንማ ለማን እተዋለሁ ብዬ ነው። ቤት ስንገባ ብሌን «እናቴ አፈር ስትለብስ አንተ አንድ ዐይንህን ጨፍነህ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በስልክ አውርተናል፣ አብረን በልተናል፣ ካሜራ ፊት ግን አልቆመችልኝም። ለመታወቂያዋ እንኳ ሌላ ፎቶ ቤት ሄዳ ነው የተነሳችው።

አርባዋ ሐምሌ 23 ነው። አንቺ ዘንድ፣ ጓደኞቿ ዘንድ፣ ተማሪዎቿ ዘንድ የተረሳ ፎቶ ካለ ፈልጊልኝ። ከአደጋው የመጣልኝ ልብሷ ብቻ ነው። ከጣቷ የማይወልቀው የእናቷ የብር ቀለበት እንኳ አልተገኘም።

በአልማዝ በኩል ስለ ካሜራው የጠየቅሽኝን ልመልስ። ከሰኔ ወዲህ ከቦርሳው አላወጣሁትም ካልሽ ጉም የያዘው ለዚያ ነው። በክረምት የተዘጋበት ካሜራ ይሻግታል። ባትሪውንና ካርዱን አውጪና ክዳኑን ከፍተሽ ደረቅ ቦታ አንድ ቀን አስቀምጪው። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው፤ በርበሬ አይደለም። ሌንሱንም በሻርፕሽ ጫፍ እንዳትጠርጊ፤ አመልሽን አውቀዋለሁ። አቧራውን በመንፊያው አስወግደሽ ለስላሳውን ጨርቅ ተጠቀሚ። አጥፍተሽ ሳታበቂ ካርድ አትንቀዪ።

ያስተማረሽ፣
ኪዳነወልድ


ሐረር፣ ሐምሌ 17 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ኪዳኔ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እትዬ አልማዝን ይሳሙልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልዎታለች። ዓብዱላሂም ድሬ ጠያራ ካለው እርሻ በተመለሰ ቁጥር ስለ እርስዎ ሳይጠይቅ አይቀመጥም።

ስለ ለቅሶ ቤቱ ይቅርታ አይጠይቁኝ። አባት ነዎት፤ በእኔ ካልጮሁ በማን ይጮሃሉ? ካሜራውን እንዳሉኝ አደረግሁ፣ ጉሙ ለቋል። በሻርፕ አልጠረግሁም፤ ወላሂ።

ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ፎቶ ነበር፣ ጋሽዬ። አንድ ፎቶ ነበር።

ግንቦት 30 የእማማ ዘይነባ ልጅ ሰርግ ነበር። ቤታቸውን ያውቁታል፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ ነው። ብሌን የሙሽራዋ ጓደኛ ስለሆነች ከጠዋት ጀምሮ ከእኛ ጋር ነበረች፤ እጇንም ሂና ቀብተዋት ነበር። ሴቶቹ ከመግባታቸው በፊት እርስዎ እንዳስተማሩኝ ብርሃኑን ልሞክር ፈለግሁ። ቤቱ ጨለም ይላል፤ በበሩ የሚገባው ብርሃን የሚያርፈው ከፍ ባለው ቀይ መደብ ላይ ብቻ ነው። «እስቲ አንዴ እዚያ ተቀመጪልኝ» አልኳት። ተቀመጠች። ሳቀችም። አነሳኋት።

ለመሞከሪያ የተነሳ አይታተምም፤ እሱም የእርስዎ ትምህርት ነው። ሰኔ 12 እማማ ዘይነባ የመረጡትን አሳትሜ አስረከብኳቸው፣ ካርዱንም እንደ ደንባችን ፊታቸው ፎርማት አደረግሁት። ሴቶቹ ያለ ሻርፕ፣ ያለ ሐሳብ የሚጨፍሩበት ፎቶ ነውና በእኛ እጅ አይቀርም። በፊልሙ ጊዜ ነጋቲቩን ለሙሽራዋ እናት ያስረክቡ እንደነበረው ማለት ነው። ወንዱ ሁሉ የማይገባበት ቤት ለእኔ የተከፈተው በዚህ አማና፣ በዚህ አደራ ነው። ከሁለት መቶ ዐሥራ ሦስቱ ፎቶ ጋር የብሌንም አብሮ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን የተሳፈረችበት ሚኒባስ ደንገጎ ላይ ተገለበጠ።

ለቅሶ ቤት አንገቴን የደፋሁት ለዚህ ነበር። ቀና ብዬ «ነበረኝ፣ በእጄ አጠፋሁት» እንዴት ልበልዎ?

ልጅዎ ሰሚራ


ናዝሬት፣ ሐምሌ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ሰሚራ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በአርባዋ ዋዜማ ነው። አንብቤ ለአልማዝ ሰጠኋት፤ እሷም አንብባ ወጣች። ጥፋተኛ ነኝ አትበይ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የማይላላ ደንብ አወጣሁና በራሴ ላይ ሠራ።

ለአርባዋ ከትምህርት ቤቱ ፋይል ያመጣነውን ጉርድ ፎቶ አስተልቀን አቆምነው። ጥፍር ከምታክል ፎቶ ምን ይገኛል? ዐይኗ ፈጧል፣ አፏ ተገጥሟል፣ እጅ የላት። እጅ ያልታየበት ሰው ግማሽ ሰው ነው እያልኩ አስተምሬሽ የለ? ለቅሶኛው ፎቶውን እያየ አለቀሰ፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

አሁን የምልሽን ተቀምጠሽ አንብቢ። እዚህ ኮምፒውተር ቤት ያለው ሚኪያስ የሚባል ጎልማሳ አለ፤ ጉርዱን ያተለቀልን እሱ ነው። ታሪኩን ነገርኩት። «ጋሼ፣ ፎርማት የተደረገ ካርድ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም» አለኝ። አዲስ ፎቶ ካልተነሳበት አሮጌው ከሥር ተኝቷል፤ በፕሮግራም ይነሳል። በእያንዳንዱ አዲስ ፎቶ ግን ከአሮጌው ይበላል። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ሰሚራ፣ ከሰኔ ወዲህ ካሜራውን አልነካሁም ብለሻል። አምላክ ያውቃል ለምን እንዳልነካሽው። ካርዱን ካሜራው ውስጥ እንዳትመልሺው። አንድ ፎቶ እንኳ፣ ለሙከራ እንኳ እንዳታነሺበት። በፕላስቲክ መያዣው ከተሽ፣ በወረቀት ጠቅልለሽ፣ ከሞባይልና ከድምፅ ማጉያ አርቀሽ አስቀምጪው። ከዚያ በታመነ ሰው ላኪልኝ። ልጄ እየሳቀች በዚያ ካርድ ውስጥ አለች።

ኪዳነወልድ


ሐረር፣ ነሐሴ 10 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ኪዳኔ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በመዘግየቴ ይቅርታ። እናቴን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። አዲሱ ከተማ ያለው ፎቶ ቤትዎ ጎረቤት የነበሩት አቶ ተክለጻድቅ ሰላም በይልኝ ብለዋል።

ካርዱ አለ። እንዳሉኝ ጠቅልዬ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ አዲስ ፎቶ አልተነሳበትም። ጋሽዬ፣ ግን እሷ ብትነሳ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስቱም አብረዋት ይነሳሉ። ሚኪያስ የሚሉትን ሰው አላውቀውም። መልካም ሰው ይሆናል። ሆኖም ሴቶቹ እኔን እንጂ እሱን አላመኑም። «አንዲት ፎቶ አልቀረችም፣ ወላሂ» ብዬ የማልኩት ለእማማ ዘይነባ ነው።

እሳቸው ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ወደ ውስጥ ገቡ። እንደገና ሄድኩ፤ ተኝተዋል አሉኝ። ትንሽ ይታገሡኝ። ሌላም የምነግርዎ ነገር አለ፤ ዛሬ አልጽፈውም።

ሰሚራ


ናዝሬት፣ ነሐሴ 19 ቀን 2000 ዓ.ም.

ሰሚራ፣

ታገሡኝ ትይኛለሽ። የሞተች ልጅ አባት ምኑን ነው የሚታገሠው?

ካሜራው የእኔ ነበር። ሌንስ ከክዳን ለይተሽ የማታውቂ ሆነሽ ስትመጪ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። የእማማ ዘይነባን ደጅ ያስከፈተልሽ የእኔ ስም ነው። እኔ የሰው ሚስት፣ የሰው ልጅ ፀጉር ምን ያደርግልኛል? ሚኪያስን ፊቱን አዙር እለዋለሁ፤ የእሷን ብቻ አወጣና ሌላውን አጠፋለሁ። በማርያም ይሁንብሽ፣ በምታምኚበት ይሁንብሽ፣ ካርዱን ላኪው።

«ሌላም ነገር አለ» ያልሽው ምንድን ነው? በሽታ ነበረባት? ሰው ነበራት? እኔ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ የለም።

ኪዳነወልድ


ሐረር፣ ነሐሴ 28 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሽ ኪዳኔ፣

ይህን ደብዳቤና ካርዱን ይዞልዎት የመጣው ወንድሜ ዓብዱላሂ ነው። ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀናችን ስለሆነ ምሳ እንዳያቀርቡለት፤ ሰው መጣ ብለው ዝም እንደማይሉ አውቃለሁ። ካርዱን ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞታል፤ በእጅዎ ይቀበሉት።

እማማ ዘይነባ በመጨረሻ ያሉኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎ። «ሴቶቹ ሻርፓቸውን ያወለቁት የእኔን ቤት አምነው ነው። ልጁን ለቀበረ ሰው ግን እምቢ የሚል አፍ የለኝም። ላኪለት፣ እሱ ይወስን። ከከፈተው እሱን አውፍ ብዬ ይቅር እለዋለሁ። አንቺ ግን ከዚያ በኋላ ካሜራ ይዘሽ ደጄ አትምጪ።» የእሳቸው ደጅ ሲዘጋ የጁገል ደጅ ሁሉ እንደሚዘጋብኝ እርስዎ ያውቃሉ። ቢሆንም ልኬዋለሁ። የልፋትዎን ውለታ በሌላ መክፈል አልችልም።

አሁን ያንን ሌላ ነገር ልንገርዎ። በሽታ አልነበረም፣ ሰውም አልነበረም።

ብሌንን መደቡ ላይ ተቀመጪ ስላት መጀመሪያ እምቢ አለችኝ። «እኔ ፎቶ አልነሳም፣ ታውቂ የለ» አለች። «ለብርሃን ነው፣ ካርዱ በኋላ ይጠፋል» አልኳት። «ይጠፋል? ሙልጭ ብሎ? አባዬ አያየውም አይደል?» አለችኝ። «ወላሂ አያየውም» አልኳት። የሳቀችው ያኔ ነው፣ ጋሽዬ። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ካነሳኋት በኋላ መጥታ ካሜራው ላይ አየችው። ብዙ ቆየች። «ተመልከቺ፣ አፌ የአባዬ አፍ ነው» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህንን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። ቀጥላ ግን «እንዳትረሺ፣ አጥፊው» አለችኝ።

ይህን የደበቅሁዎ ልብዎ እንዳይሰበር ብዬ ነው። ሳልነግርዎ ካርዱን ብልክ ደግሞ ሁለታችሁንም የከዳሁ መሰለኝ። አሁን ካርዱ በእጅዎ ነው። ምንም ቢያደርጉ አልቀየምዎትም።

ሰሚራ


ናዝሬት፣ መስከረም 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሰሚራ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ፤ ጾሙም የሰላም ይሁንላችሁ። ባለፈው ደብዳቤ የተናገርኩሽን ሁሉ እንዳልተናገርኩት ቁጠሪልኝ። ዓብዱላሂ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ተመለሰ፤ አልማዝ እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

ሰማንያዋም አለፈ። ካርዱን ይዤ ሚኪያስ ዘንድ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ውስጥ ከተተውና «ልጀምር ጋሼ?» አለኝ። ጣቱ ማውሱ ላይ ነው። ሰሚራ፣ ጀምር ማለት እንዴት እንደፈለግሁ አልነግርሽም። «አባዬ አያየውም አይደል?» ያለችው መጣብኝ። ልጄ በሰባት ዓመት ውስጥ ከእኔ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፣ በካሜራ እንዳላያት። በሕይወት እያለች ጠብቄላት ኖሬ፣ እንደማትከለክለኝ ሳውቅ ላያት ነው? «አውጣው» አልኩት።

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። የአባዬ አፍ ነው ብላ የለ፣ እስቲ ብስቅ አያት ይሆናል አልኩ። አፌ አልስቅልህ አለኝ።

ካርዱ በኪሴ እያለ እንደማላርፍ ስላወቅሁ በማግስቱ የሚኪያስን ካሜራ ተዋስኩና ካርዱን ከተትኩበት። የአልማዝን የተሰጣ አንሶላ አነሳሁ። የአጥሩን ቆርቆሮ፣ የቆሙ የጋሪ ፈረሶችን፣ መናኸሪያውን፣ የገዛ ጫማዬን አነሳሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ የማይረባ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። በተጫንኩት ቁጥር ከእሷ የቱ እንደሚጠፋ አላውቅም፤ ፀጉሯ ይሁን፣ ሂናዋ ይሁን፣ ያ አፏ ይሁን። አንዳንዴ ቆሜ «ይቅር በይኝ» እላለሁ፤ ደግሞ አነሳለሁ። አራት መቶ ስድስት ላይ ካርዱ ሞልቷል የሚል ጽሑፍ መጣ።

እነዚህ ካሜራዎች ዐይን አያስጨፍኑም፤ ሁሉ ነገር የሚታየው በስክሪኑ ነው። ልጄን ዳግመኛ ስቀብራት ሁለቱም ዐይኖቼ ተገልጠው ነበር። ብታይልኝ ደስ ባለኝ።

ካርዱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ለእማማ ዘይነባ አሳዪያቸው፤ ከአንሶላና ከጫማ በቀር ምንም የለበትም። ፎርማት አድርጊውና ከዒድ በኋላ ሰርግ ሲጀመር ሥሪበት። ባትሪውን ከዋዜማው ሙይው፤ መለዋወጫም ያዢ።

ኪዳነወልድ


ሐረር፣ ጥቅምት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአባቴ ለጋሽ ኪዳኔ፣

ዒድን በሰላም ዋልን። ደብዳቤዎን ይዤ እማማ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። ማንበብ ስለማይችሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ ሁለት ቦታ ላይ ማንበብ አቅቶኝ ቆሜያለሁ። የጫማዎን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየኋቸው። «ይኸ ሁሉ ጫማ?» አሉና ሳቁ፣ ከዚያ በሻርፓቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ተነሥተው የልጃቸውን የሰርግ አልበም አመጡ። ገለጡ፣ ገለጡና አንዱ ላይ ቆሙ። ሙሽራዋን ስናለብሳት ያነሳሁት ነው። «መቀስ አምጪ» አሉኝ። እማማ፣ አልበምዎ ይበላሻል ብላቸው «አምጪ አልኩሽ» ብለው ተቆጡኝ። ሙሽራዋንና ሴቶቹን አስቀርተው ጠርዙን ብቻ ቆረጡ። «ፊቷን ከለከለችው። እጇን ግን አልከለከለችውም» አሉ።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው ቁራጭ እሱ ነው። እርስዎ ያስተማሩኝን ረስቼ ከጠርዙ ሰው ቆርጬ ስላነሳሁ የብሌን እጅ ብቻ ነው የገባው፤ የሙሽራዋን ልብስ ጫፍ ይዛለች። ሂናው ገና ቀይ ነው። በቀለበት ጣቷ ላይ ያለውን ያዩታል። እኔ እስኪቆረጥ ድረስ አላስተዋልኩትም ነበር፤ የእትዬ የሺ የብር ቀለበት ነው።

ቅዳሜ እማማ ዘይነባ ቤት ሰርግ አለብኝ፤ የእህታቸው ልጅ ናት። ቁራጩን በጣትዎ ከፊቱ አይንኩት፣ ጠርዙን ይያዙ። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳም ላይ አይስቀሉት፤ ቀለሙ ይለቃል።

ልጅዎ ሰሚራ